የሟቿ ማመልከቻ

ማርሊስ ስቬንጎርድ መሞቷን የሰማችው አንድ ማክሰኞ ከምሳ በፊት ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ያን ጊዜ ከሞተች ስምንት ቀን ሆኗት ነበር። ዜናው የመጣው በፖስታ ሲሆን ፖስታው ላይ «ለማርሊስ ስቬንጎርድ ቤተሰብ» የሚል ተጽፎበታል። ማርሊስ ብቻዋን ነው የምትኖረው። ቤተሰቡ እሷው ነበረችና ከፈተችው።

ደብዳቤው የተላከው የዶክትሬት ማመልከቻ ካስገባችበት ዩኒቨርሲቲ፣ ከሶሲዮሎጂ ትምህርት ክፍል ነው። ትምህርት ክፍሉ በማርሊስ ድንገተኛ ዕረፍት የተሰማውን ጥልቅ ሐዘን ይገልጻል፤ ማመልከቻዋን በአክብሮት መዝጋቱን ያስታውቃል፤ ለቤተሰቡም መጽናናትን ይመኛል። ማርሊስ እንደቆመች ሁለት ጊዜ አነበበችው። ሃያ ሁለት ዓመት በቀብር አስፈጻሚ ቤት የሠራች ሰው ናትና መጀመሪያ ያየችው ወረቀቱን ነው። ወፍራምና ጥሩ ወረቀት ነበር። «በአክብሮት መዝጋት» የሚለውን ግን አልወደደችውም፤ እሱ ለሣጥን ነው የሚባለው። ከዚያ በኋላ ነው ወንበር ስባ የተቀመጠችው።

ከሞቱ አሟሟቱ ይባላልና አሟሟቷን ማወቅ ያስፈልጋል።

ማርሊስ የሃምሳ አንድ ዓመት ሴት ናት። የምትሠራው በሰሜን ሚኔሶታ፣ ኖርድ ሌክ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ በኤልሮይ ሃውገን የቀብር ቤት ነው። ሬሳ ታጥባለች፣ ታለብሳለች፣ ፀጉር ታበጥራለች፤ ከሁሉ በላይ ግን በአካባቢው ጋዜጣ የሚወጣውን ዜና ዕረፍት የምትጽፈው እሷ ናት። ከሰባት ዓመት በፊት አንዲት የአስተማሪ ሚስት፣ ባሏ ከተቀበረ በኋላ፣ መጻሕፍቱን በካርቶን ሞልታ ሰጠቻት። ከካርቶኑ ውስጥ ሽፋኑ የተገነጠለ አንድ የሶሲዮሎጂ መማሪያ ነበር። ማርሊስ ከሬሳ እስከ ሬሳ ባለው ጊዜ አነበበችው። በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት፣ ከቀብር በኋላ የአሳማ ሥጋ ሳንድዊች ሲበላ ስታየው የኖረችው ሁሉ፣ ማን ከማን ጎን እንደማይቀመጥ፣ ማን ሳህን ይዞ እንደሚመጣና ማን ባዶ እጁን እንደሚመጣ፣ ሰዎች የሚማሩት ትምህርት መሆኑን አወቀች። በሃምሳ ዓመቷ በማታ ትምህርትና በርቀት የመጀመሪያ ዲግሪዋን ያዘች።

ኤልሮይ ሰባ አራት ዓመቱ ነው። በሚያዝያ ጡረታ ሊወጣ ወስኗል። ቤቱን ማርሊስ ካልተረከበችው፣ እንዲህ ያሉ ቤቶችን በየከተማው የሚለቅመው ትልቅ ኩባንያ ይወስደዋል። ዶክትሬት ልማር ነው አለችው።

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች፣ ይሉሻል» አላት። «ዶክተር ሞልቷል። ሬሳ ማጠብ የሚችል ነው የጠፋው።»

እሷም አንድ ጊዜ ብቻ እንደምታመለክት፣ እምቢ ካሏት ቤቱን ተረክባ እስክትሞት ስለ ትምህርት እንደማታነሳ ቃል ሰጠችው። ኤልሮይ ሰው ቃሉን ሲሰጠው ያምናል፤ እሷም ቃሏን የምታጥፍ ሴት አይደለችም። እንግዲህ ያላት ዕድል አንድ ብቻ ነበር።

ማመልከቻው ስለ ራስዎ በሁለት ገጽ ይጻፉ ይላል። እዚህ ላይ ነው ጉዱ። ማርሊስ ከአንድ ሺህ በላይ ዜና ዕረፍት ጽፋለች፤ የሰውን ሕይወት በሁለት ገጽ መጻፍ ማለት ለእሷ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ማርሊስ ጆይ ስቬንጎርድ» ብላ ጀመረች፣ «ከአባቷ ከአርኔና ከእናቷ ከአይሊን በኖርድ ሌክ ተወለደች። ትጉህ ሠራተኛ፣ የሐዘንተኞች ወዳጅና ዕውቀትን ፈላጊ ነበረች።» ያለፈችበትን ሁሉ በቅደም ተከተል አስቀመጠች። አጎቷንና ውሻዋን ሳይቀር ጠቀሰች። እጇ ስለለመደ መጨረሻው ላይ «በአበባ ፈንታ ለከተማዋ ቤተ መጻሕፍት እርዳታ ብታደርጉ ደስ ይላት ነበር» የሚል ጨመረች። ለኤልሮይ አስነበበችው። አንድ ነጠላ ሰረዝ አስተካክሎ «ክፉ አይደለም» አለ። በዚያ አገር ከዚህ የበለጠ ምስጋና የለም።

የድጋፍ ደብዳቤ ደግሞ ሦስት ተጠይቆ ነበር። ማርሊስ የምታውቃቸው፣ ደብዳቤ መጻፍ የሚችሉ ሰዎች ሦስት ናቸው፤ ኤልሮይ፣ ፓስተሩና የመቃብር ቆፋሪው። ሦስቱም በሕይወታቸው ስለ ሰው የጻፉት ሰው ሲሞት ብቻ ነው። ኤልሮይ «እንደ እሷ ያለ ከእንግዲህ አይገኝም፤ ባዶ ቦታዋን በየቀኑ እናየዋለን» አለ። ፓስተሩ «ሩጫዋን በድል ጨርሳለች፤ አሁን ወደ ተሻለው ቦታ እንደምትሄድ አንጠራጠርም» ብሎ ጻፈ፤ የመጀመሪያ ዲግሪዋን ማለቱ ነው። መቃብር ቆፋሪው ነገር አላበዛም፤ «ማርሊስ ጥሩ ሰው ነበረች» ብሎ ፈረመ። ይህን ሁሉ የተቀበለው የዩኒቨርሲቲው ጸሐፊ ሞታለች ብሎ ቢደመድም ማን ይፈርድበታል?

ማርሊስ ደብዳቤው ላይ ባለው ቁጥር ደወለች። ስልኩን ያነሳው ራሱ ጸሐፊው ነው፤ ትሬቨር ይባላል።

«ማርሊስ ስቬንጎርድ ነኝ» አለችው።

«ዘመዷ ነዎት?»

«ራሷ ነኝ።»

«ነፍስ ይ...» ብሎ ጀምሮ ተወው። የኮምፒውተር ቁልፎች ሲንኳኩ ተሰማት። «እዚህ ግን ሞተዋል ነው የሚለው» አላት በትሕትና።

ስህተት መሆኑን ነገረችው። እሱም አልተከራከረም። ችግሩ፣ ሞቷል ተብሎ የተዘጋ ፋይል ያለ ማስረጃ እንደማይከፈት አስረዳት። የሞት ማስረጃ የሚያያዝበት ቦታ አለ፤ ያለመሞት ማስረጃ የሚያያዝበት ቦታ የለም። ማርሊስ በሃያ ሁለት ዓመት ስንት የሞት ማስረጃ አስወጥታለች፤ ሰው በሕይወት መኖሩን የሚመሰክር ወረቀት ግን እሷም አይታ አታውቅም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። በመጨረሻ ትሬቨር አንድ መላ አገኘ። የምርጫ ኮሚቴው የሚሰበሰበው ሰኞ ነው፤ ዓርብ መታወቂያዋን ይዛ በአካል ከመጣች የኮሚቴው ሰብሳቢ በዓይኗ አይታ ትፈርምላታለች።

ዓርብ አራት ሰዓት ሙሉ በበረዶ ላይ ነድታ ደረሰች። ሰብሳቢዋ ፕሮፌሰር ናዲን ላክሯ ቀጭን፣ ረጅም፣ ጉንፋን የያዛት ሴት ናት። ማርሊስ በሕይወት በመኖሯ እንኳን ደስ ያለሽ አላለቻትም። መታወቂያውን አየች፣ ማርሊስን አየች፣ ፈረመች። ከዚያ የማርሊስን ሁለት ገጽ ከጠረጴዛው መሳቢያ አወጣች።

ትሬቨር የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ እንዳነበበ፣ እሷ ግን ሁሉንም እንዳነበበች ነገረቻት። የቀረው ቦታ አንድ ነው። ለዚያ ቦታ የሚፎካከራት ሰው በሁለት ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች ተምሯል፤ አጻጻፉ ያምራል፤ ምን እንደሚፈልግ ግን ፕሮፌሰሯ አልገባትም። የማርሊስ ገብቷታል፤ ነገር ግን ገና የጥናት ጥያቄ አልሆነም። ስለዚህ ምን ማጥናት እንደምትፈልግ በቃሏ እንድትነግራት ጠየቀቻት።

«ከዜና ዕረፍት የሚተዉትን ሰዎች» አለች ማርሊስ። «ቤተሰቡ የዘመዱን ስም ይነግረኛል፣ እኔ እጽፋለሁ። ሲጨርሱ ‹ሌላ ሰው አለ?› እላለሁ። ከዚያ ዝም ነው። ቶሎ ከተናገርኩ የለም ይሉኛል። ቡናቸው እስኪቀዘቅዝ ከጠበቅኩ አንድ ስም ይመጣል። የከዳ ልጅ፣ የመጀመሪያ ሚስት፣ እንዲህ ያለ ሰው። ‹እሱን ግን አታስገቢው› ይሉኛል። አላስገባም። ቤቴ ስገባ በደብተር እይዘዋለሁ።»

«ስንት ሆኑ?»

«ሦስት መቶ አሥራ ሁለት።»

ፕሮፌሰሯ ቁጥሩን ጻፈችና ተናፈጠች። ከዚያ ሌላ ወረቀት ገለጠች፤ ማርሊስ የሞላችው ቅጽ ነው። በድንገተኛ ጊዜ የሚጠራ ሰው በሚለው መስመር ላይ «ዱዌይን ስቬንጎርድ፣ ወንድም» ይላል። ቅጹ ያለ ስም አልቀበልም ስላለ ነው የሞላችው። ፕሮፌሰሯ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው።

«እዚህ አባትዎ አሉ፣ እናትዎ አሉ፣ አጎትዎ አሉ፣ ውሻው አለ» አለች። «ሌላ ሰው አለ?»

ይህን ብላ ዝም አለች።

ማርሊስ ዘዴውን አወቀችው፤ የራሷ ነው። በሙያዋ ማንም አይበልጣትምና ዝም ልትል ወሰነች። ፕሮፌሰሯም ዝም። በመስኮቱ በኩል በረዶ የሚጠርገው መኪና ሄደ፤ ተመልሶ መጣ። ፕሮፌሰሯ መሐረብ አውጥታ አፍንጫዋን ጠረገችና መጠበቋን ቀጠለች። ማርሊስ ሌላው ወገን ሆኖ መቀመጥ ምን እንደሚመስል በሃያ ሁለት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ አየችው፤ ክፉ ነገር ነው።

«ወንድም አለኝ» አለች።

ከዚያ በኋላ መተው አልቻለችም። እናታቸው ሁለት ዓመት ታማ ስትተኛ ያስታመመቻት እሷ ናት። ዱዌይን የሚኖረው አርባ ደቂቃ በማይሞላ መንገድ ላይ ሆኖ አንድ ቀን እንኳ ዝር አላለም። እናታቸው ስትሞት ዜና ዕረፍቱን የጻፈችው ማርሊስ ናት፤ «አንዲት ልጅ ትታ አልፋለች» አለች። የቀብሩ ዕለት ዱዌይን መጣ። በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ወረቀቱን ሰጡት፤ ቆሞ አነበበው፤ አጥፎ ኪሱ ከተተውና ወደ መኪናው ተመለሰ። ማርሊስ ከሣጥኑ አጠገብ ሆና አይታዋለች። ሥራ ላይ ስለነበረች አልተንቀሳቀሰችም። ይህ ከሆነ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው።

«ወንድምዎ ከሦስት መቶ አሥራ ሁለቱ ውስጥ አለ?» አለች ፕሮፌሰሯ።

«የለም።»

«ለምን?»

«የተውኩት እኔ ስለሆንኩ።»

«ጥያቄዎ እሱ ነው» አለች ፕሮፌሰሯ፤ ሁለቱን ገጽ መለሰችላት። እስከ ሰኞ ጠዋት፣ በሕይወት እንዳለ ሰው ሆና፣ ወንድሟም ባለበት አድርጋ እንደገና እንድትጽፈው ነገረቻት። ያለዚያ ለኮሚቴው የምታቀርበው ነገር እንደሌላት አልሸሸገችም።

ውጭ ትሬቨር መታወቂያዋን ሊመልስላት ቆሟል። ገና ወጣት ነው፤ ዓይኗን ለማየት አፍሯል። ይቅርታ ጠየቃት። የሚያጽናናት መስሎትም ሁሉን ነገር በወጉ እንዳደረጉ፣ ደብዳቤ ብቻ ሳይሆን ለቤተሰብም ደውለው እንዳጽናኑ ነገራት።

«ለየትኛው ቤተሰብ?»

«ለወንድምዎ። ቅጹ ላይ ያለው እሱ ነው።»

ማርሊስ ጓንቷን ማጥለቋን አቆመች። «ምን አለ?»

«ቀብሩ መቼ ነው አለኝ። አላውቅም አልኩት። ‹ልክ ነው፣ መሬቱ እስኪፈታ ነው› አለና አመስግኖኝ ዘጋው።»

በሰሜኑ ክረምት መሬቱ አካፋ አይቀበልም። ከኅዳር ወዲህ የሞተ ሰው በመቃብሩ ግቢ ባለው የድንጋይ ቤት ውስጥ እስከ ሚያዝያ ይቆያል። ስለዚህ በጥር እህትህ ሞተች የተባለ ሰው ወዲያና ወዲህ አይሮጥም፤ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ዱዌይን ሲጠብቅ አሥራ አንድ ቀኑ ነው።

«ስህተት መሆኑን ነግራችሁታል?»

ትሬቨር ቀላ። «ለእሱ ቅጽ የለንም» አለ።

መደወል ትችል ነበር። ግን እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይነገርም። መንገዱን ሙሉ ምን እንደምትለው ስታስብ ሄዳ ቤቱ ደጃፍ ደረሰች። በሩን አንኳኳች። ዱዌይን ከፈተ። ሽበት አብቅሏል፤ ወፍሯል። ከኋላው ወጥ ቤቱ ይታያል፤ በወንበሩ መደገፊያ ላይ ከልብስ ንጽሕና ቤት የመጣ ጥቁር ሙሉ ልብስ በላስቲኩ ተሰቅሏል። እሷን ከእግር እስከ ራስ አያት።

«ሞታለች አሉኝ» አለ።

«ስህተት ነው።»

«ማን ነው የተሳሳተው?»

ማርሊስ ትሬቨር ልትል ነበር። «እኔ ነኝ» አለች።

ዱዌይን ከበሩ ገለል አለ። «ግቢ እንግዲህ፤ ቤቱን አቀዘቀዝሽው።»

ሾርባ አሞቀላት። የተቀመጡት ልብሱ በሌለበት በኩል ነው። ሁለቱም ሾርባውን ካጋመሱ በኋላ፣ ሳትጠይቀው፣ ቀና ሳይል ተናገረ። እናታቸው ማርሊስ ቤተ ክርስቲያን በሄደች ቁጥር ትደውልለት ነበር። እንዲህ ሆኜ እንድታየኝ አልፈልግም፣ ሲሻለኝ ትመጣለህ እያለች አስምላዋለች። አንድ ጊዜ ነድቶ መጥቶ መንገዱ ዳር መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ተመልሷል።

«እሺ ብያታለሁ» አለ። «አንቺ ደግሞ አልጠየቅሽኝም።»

አንድ ሺህ ቤተሰብ የጠየቀችው ሴት አንገቷን ደፋች። አፈረች፤ እንዲህ አድርጋ ያፈረችበት ቀን ትዝ አይላትም። ይቅርታ አለችው፤ ቃሉ ትንሽ ሆኖ ታያት፤ ደግማም አለችው። ዱዌይን «የሞተ ተጎዳ» አለ። የትኛዋን ሟች ማለቱ እንደሆነ አልጠየቀችውም።

ከዚያ ስለ ሁለቱ ገጽ ነገረችው። መደበቅ የባሰ ይሆናል ብላ ሁሉንም፣ ሰኞንም፣ ኤልሮይንም፣ አንድ የቀረውን ቦታም ነገረችው።

ዱዌይን ማንኪያውን አስቀመጠ። «ለዚህ ነው የመጣሽው?»

«አለመሞቴን ልነግርህ ነው። ይኼም ግን አለ። አልዋሽህም።»

«እኔን አትጻፊ።»

«እሺ።»

«ሳትጽፊኝ ያስገቡሻል?»

«አይመስለኝም።»

«እና እሺ አልሽ?»

«እሺ አልኩ።»

ሳህኑን በዳቦ ጠረገና ዳቦውን ጎረሰ። «ዩኒቨርሲቲ ገብቼ አላውቅም፤ በወረቀትም አልገባም» አለ። «የእውነቱን ስትሞቺ ግን የአንቺን ዜና ዕረፍት የምጽፈው እኔ ነኝ። በዚህ ነገር አንቺን ማመን አይቻልም።»

«ተገቢ ነው» አለች ማርሊስ።

ቅዳሜና እሁድ ስትጽፍና ስትቀድ ዋለች። ስለ ራሷ፣ በሕይወት እንዳለ ሰው መጻፍ ሬሳ ከማንሳት ይከብዳል። ሰኞ ጠዋት የላከችው ገጽ ተኩል ብቻ ነው፤ ወንድም የሚል ቃል የለበትም። መጨረሻው ላይ እንዲህ ይላል፤ «እናቴ ስትሞት ከዜና ዕረፍቷ አንድ ሰው አውጥቻለሁ። እዚህም አልጠራውም። ያኔ ያስቀረሁት ሳልጠይቀው ነው፤ አሁን ጠይቄው ነው። በሦስት መቶ አሥራ ሁለቱ ሰዎች ላይ ማወቅ የምፈልገው ይህንን ነው፤ የጠየቃቸው ሰው ነበር ወይ?»

እንደማይቀበሏት እርግጠኛ ሆና ከኤልሮይ ጋር የርክክቡን ወረቀት ማዘጋጀት ጀመረች። የካቲት አለፈ። በመጋቢት አጋማሽ ፖስታ መጣ። በዚህኛው ላይ ስሟ ብቻ ነው ያለው። ቆማ አነበበችው፤ ተቀብለዋታል። ለኤልሮይ ስትነግረው የርክክቡን ወረቀት ከመሳቢያው አወጣ፣ በእርጋታ ለሁለት ቀደደው፣ ከዚያ የሞተ ሰው ሊያለብስ ወደ ውስጥ ገባ። ማርሊስ አዘነችለት፤ ደስታዋን ግን አልቀነሰውም።

ለዱዌይን ደወለች።

«ተቀበሉኝ።»

ዝም አለ። እሷም ዝም አለች፤ ይህኛው ዝምታ የሥራ አልነበረም።

«ስንት ዓመት ነው?» አለ።

«ስድስት።»

«እስከዚያ አትሞቺም ማለት ነው።»

«አላሰብኩም።»

«ጥሩ» አለ ዱዌይን፤ ስልኩን ግን አልዘጋውም። «ምሳ በልተሻል?»

ማርሊስ አልበላሁም ልትል አፏን ከፈተችና አለቀሰች። ዱዌይን እስክትጨርስ ጠበቃት።